መጠይቅ ከመበተናችሁ በፊት

ሐዋሳ ላይ የመመረቂያ ጥናት የምትጀምሩ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «መጠይቅ ልበትን ወይስ ቃለ መጠይቅ ላድርግ?» ብላችሁ አትነሱ። መጀመሪያ የምታጠኑትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ዘዴውን እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አስጋሪዎችን ልታጠኑ ነው እንበል። «ስንቶቹ ይቆጥባሉ? ገቢያቸውና ቁጠባቸው ምን ያህል ይያያዛል?» ካላችሁ ጥናቱ መጠናዊ፣ ማለትም በቁጥር የሚለካ ነው። መጠይቅ፣ ናሙና (ከሁሉም መካከል ተመርጠው የሚጠየቁ ሰዎች)፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ያስፈልጋችኋል። «ባንክ እያለ ለምን ዕቁብ ይመርጣሉ?» ካላችሁ ግን ዓይነታዊ፣ ማለትም የሰዎችን ምክንያትና ሐሳብ የሚመረምር ነው። ቁጭ ብሎ ማዋራት ይጠይቃል። ያውም ጀልባው ገብቶ፣ ዓሣው ተሸጦ፣ ሰው ሲረጋጋ።

ናሙና ላይ ብዙ ተማሪ ይምታታበታል። የናሙና መጠን በሚያሰላው በያማኔ ቀመር፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ ከ400 ሰው 200 ናሙና ይወጣል። ይህ ስሌት ለመጠይቅ ነው። ለቃለ መጠይቅ አትጠቀሙበት! እዚያ የምታቆሙት የሚመጣው መልስ መደጋገም ሲጀምርና አዲስ ሐሳብ ሲጠፋ ነው። ለዚህ አንዳንዴ ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል።

ሁለቱን የሚያጣምር ቅይጥ ዘዴም አለ፤ ጥሩ ነው። ግን ሥራው እጥፍ ነው፤ ብቻውን በአንድ ሴሚስተር ለሚጨርስ ተማሪ አልመክረውም። አማካሪያችሁ ግድ ካለ መጠይቁን ዋና አድርጉና ጥቂት ሰዎችን ብቻ በጥልቀት አናግሩ።

ደግሞ እባካችሁ፣ መጠይቁን በአማርኛ ብቻ አታዘጋጁ። ሲዳምኛ የሚቀናው ሰው በሲዳምኛ ይጠየቅ። ከመበተናችሁ በፊትም ከናሙናው ውጭ በሆኑ ጥቂት ሰዎች ሞክሩት፤ ያልገባቸውን ጥያቄ አስተካክሉ።