የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ መሣሪያው ሲያስቸግር ከየት ይጀመራል?

አላርም ሲጮህ መጀመሪያ የሚታየው ሕፃኑ ነው፤ ስክሪኑ ይቆይ። የከንፈሩን ቀለም፣ የደረቱን መሳብ፣ አተነፋፈሱን ይዩ። ትንፋሹ ከተቋረጠ ወይም ከጠቆረ ሽቦ መፈተሹን ይተዉና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ) ያንሱ፣ ሰው ይጥሩ። ከዚህ በታች ያለው ሕፃኑ ደህና ሆኖ መሣሪያው ሲያውክ፣ ወይም መሣሪያው እየሠራ ሕፃኑ ሳይሻለው ሲቀር ነው።

ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን በመቶኛ) 70 ይላል፣ ሕፃኑ ግን ቀላ ብሎ ተኝቷል

ስክሪኑ ላይ ያለውን የልብ ምት በስቴቶስኮፕ ከሚቆጥሩት ጋር ያስተያዩ። ስክሪኑ 98 እያለ እርስዎ 146 ከቆጠሩ የሳቹሬሽኑም ቁጥር አይታመንም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ እግሩ ቀዝቅዟል፣ እግሩ ላይ የታሰረው መለኪያ (ፕሮቡ) ተንሸራቷል፣ ወይም የፎቶቴራፒው (ቢጫ ለሆነ ሕፃን የሚበራው መብራት) ብርሃን ገብቶበታል። እግሩን ያሙቁ። ቀዩ መብራትና ተቀባዩ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ አድርገው እንደገና ያስሩ፣ ከላይ ብርሃን በማያሳልፍ ጨርቅ ይሸፍኑ። አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውሩን ስለሚያፍን ቁጥሩን የባሰ ያወርደዋል፤ ቆዳውንም ያቆስላል። በየ3 እና 4 ሰዓቱ ቦታውን ይቀይሩ።

ከፍታውንም አይርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናቸው። ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያለ ኦክስጅን የሚተነፍስ ጤነኛ ጨቅላ ሳቹሬሽኑ መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ነጥብ ቢወርድ አይገርምም። ያለ ጊዜው ተወልዶ ኦክስጅን ላይ ያለ ሕፃን ሳቹሬሽን ግን ከ90 እስከ 95 ባለው ውስጥ ይያዛል። ጩኸቱ ሰለቸን ብሎ የላይኛውን ገደብ 100 ላይ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው፤ የበዛ ኦክስጅን የነዚህን ሕፃናት ዓይን ይጎዳል።

ኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚለየው ማሽን) ይጮሃል፣ ኦክስጅኑ ግን አይደርስም

ካኑላውን (ወደ አፍንጫ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) በጣትዎ አጥፈው ይያዙ። የፍሎሜትሩ (የፍሰት መለኪያው) ኳስ መውረድ አለባት። ካልወረደች አየሩ እርስዎ ከያዙበት በፊት እየሾለከ ነው፤ ቀድመው የሚጠረጥሩት የእርጥበት ጠርሙሱን ክዳን ነው። ጠማማ ሆኖ ተከድኖ ይሆናል፣ ወይም ጎማው ወልቋል። ፈትተው ቀጥ አድርገው ይክደኑ። ከወረደች ቱቦው ደህና ነው፤ ጫፉን ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ ማውጣቱን ይዩና ከውጭ ያለውን ስፖንጅ ፊልተር ያውጡ። በበጋ አቧራ ፊልተሩ በሳምንት ውስጥ ግራጫ ይሆናል፤ በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ይመለሳል። እርጥቡን መመለስ ከቆሻሻው አይሻልም፤ ተለዋጭ ይኑርዎት። ማሽኑን ከግድግዳ 30 ሴንቲሜትር ያርቁት። እንደተነሳም ሙሉ ጥራቱን የሚሰጠው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ነው። አዲስ ሲገዛ ማኑዋሉ ላይ የተጻፈው የከፍታ ወሰን ይታይ፤ ቆላ ላይ በደንብ የሚሠራው ደጋ ላይ ሊደክም ይችላል።

ሲፓፑ አረፋ አያወጣም

ሲፓፕ በአፍንጫ አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ የአንዱ ቱቦ ጫፍ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ስላለ አረፋ ያወጣል። የአፍንጫውን ፕሮንግ (አፍንጫው ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) ከሕፃኑ አውጥተው በጣትዎ ይድፈኑ። አረፋ ከወጣ አየሩ የሚሾልከው ሕፃኑ ዘንድ ነው፤ ፕሮንጉ አንሷል ወይም አፉ ተከፍቷል። ልኩን ይቀይሩ፣ አገጩን ቀስ አድርገው ይደግፉ። አረፋ ካልወጣ ከኦክስጅኑ ጀምረው መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ። ፍሰቱ በደቂቃ ከ5 እስከ 8 ሊትር ይሁን። ቱቦው ውኃው ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ከገባ ግፊቱ 5 (ሴንቲሜትር ውኃ) ነው። ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ የእርጥበቱ ጠብታ እየተጠራቀመ ውኃው ከፍ ሲል ማንም ሳያዝዝ ግፊቱ ይጨምራል። አረፋው ደህና ሆኖ ደረቱ እየባሰ ከገባ አፍንጫው ሳይደፈን አይቀርም፤ በጨው ውኃ አለስልሰው ይምጠጡ።

ዋርመሩ (ማሞቂያ አልጋው) ላይ ሕፃኑ ይቀዘቅዛል፣ ወይም ይግላል

የቆዳው ሴንሰር ተነቅሎ ከሆነ የሚለካው የክፍሉን አየር ነው፤ ማሽኑ «ቀዝቅዟል» ብሎ ሙቀቱን ይለቅበታል። ሕፃኑ ሴንሰሩ ላይ ተኝቶበት ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል። ሴንሰሩ በቀኝ ሆዱ ላይ ይለጠፍ፤ በብብቱ በቴርሞሜትር እየለኩ ከ36.5 እስከ 37.5 ድግሪ ይጠብቁ።

መብራት ሲሄድ

በክረምት ነጎድጓድ ጊዜ ኃይሉ ይጨምራል ይቀንሳልና ስታብላይዘር (ኃይሉን የሚያመጣጥን መሣሪያ) የግድ ነው። ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደሚያቆይ አስቀድመው ያስሉ። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 50 ባር ካሳየ ውስጡ ወደ 2,000 ሊትር ኦክስጅን አለ። አራት ሕፃናት እያንዳንዳቸው በደቂቃ ግማሽ ሊትር ከወሰዱ በደቂቃ 2 ሊትር ነው፤ 1,000 ደቂቃ፣ ከ16 ሰዓት በላይ ማለት ነው። መክፈቻ ቁልፉ በገመድ እዚያው ሲሊንደሩ ላይ ታስሮ ይቀመጥ። በጨለማ ቁልፍ ፍለጋ ነው ጊዜውን የሚበላው።

ዋርመሩ ቢጠፋ የእናት ደረት አለ። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በደረቷ መሃል ይቀመጥ፤ አንገቱ ወደ ጎን ዞሮ በትንሹ ቀና ይበል፤ በነጠላ ጠቅልለው በመቀነት ይያዙት፣ ጋቢ ይደርቡበት። መብራት ቢኖርም ካንጋሮ (ይህ በእናት ደረት መታቀፍ) በቀን ከ8 ሰዓት በታች ባይሆን ይመረጣል። የፕሮቡ ገመድ ካጠረ አልጋው ይጠጋ እንጂ ሕፃኑ ከእናቱ አይለይ።

የወተቱና የመድኃኒቱ ሰዓት አይገጥምም

ሞኒተሩ በአውሮፓ ሰዓት ይቆጥራል፤ እናትየው በኛ። አንዷ ሲስተር ጠርሙሱ ላይ «9:00» ብላ ትጽፋለች፣ ተረካቢዋ ከቀኑ 9 ሰዓት ብላ ታነበዋለች። የ6 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ብቻ መቆየት ለሚችል ወተት ብዙ ነው። ክፍሉ አንዱን ይምረጥ፣ ሁልጊዜም «ጠዋት» ወይም «ማታ» ይጨመርበት። ፍሪጅ የገባው ለታመመ ጨቅላ ከ48 ሰዓት ባያልፍ ይሻላል።

እናትየው በኦፕራሲዮን ወልዳ ሌላ ክፍል ተኝታለች፣ ወተቷም አልመጣም

ልጇን አላየችም፣ ጡቷም አልታለበም። በወለደች በ6 ሰዓት ውስጥ ማለብ ትጀምር፣ ከዚያ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ከ8 ጊዜ ያላነሰ። የስልኳን ማንቂያ በየ3 ሰዓቱ ይሙሉላት። ቢጫው እንገር ጥቂት ጠብታም ቢሆን ይምጣ፣ አይደፋ። ፈቃዷን ጠይቀው የሕፃኑን ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ በራሷ ስልክ ያንሱላት፤ በእጁ ያለው የስም መለያም ይታይ። ክርስትና ሳይነሳ ፎቶው እንዲዞር የማይወድ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በእርስዎ ስልክ አይነሳ፣ ቡድን ውስጥም አይለቀቅ።

አስታማሚው ኦክስጅኑን ያወልቃል ወይም «አለቀለት» ብሎ ልውሰድ ይላል

ኦክስጅን የሞት ዋዜማ መስሎት ነው። ሳይጠይቅ ይነገረው፦ «እማማ፣ ይቺ ድምፅ ልጁ ሞተ ማለት አይደለችም። ሽቦዋ ከእግሩ ስትሸሽ ትጮሃለች። እርስዎ ሳይነኩ እኛን ይጥሩን።» ገጠር ለቀረው አባት ማታ በተቆረጠ ሰዓት ይደወልለት። ስልክ ቁጥር ሲመዘግቡ የማን እንደሆነ ይጻፉ፤ የባል ተብሎ የተሰጠው የጎረቤት ሊሆን ይችላል። መርዶ በጽሑፍ አይላክም።

ኮንሰንትሬተሩ ያለ ምክንያት ይጠፋል

ሶኬቱን ይዩ። አስታማሚ ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ ነቅሎት ይሆናል። መቆጣቱ አይጠቅምም፤ ኮሪደሩ ላይ ለስልክ ብቻ ማከፋፈያ ይሰካ፣ የማሽኖቹ ሶኬት ዙሪያውን በቀይ ፕላስተር ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችሉትም በቃል ይነገር።