ውጭ አገር የመጀመሪያ ብርዳችሁ ከሆነ፦ የሕፃኑን ትንፋሽ እዩ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሕፃናት ነርስ ነኝ። ከሰፈራችን ወጥተው አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን የገቡ ወላጆች ጥቅምት ሲጠባ በቴሌግራም መደወል ይጀምራሉ። «ልጁን ብርድ መታው፣ ምን ላድርግለት?» ይሉኛል። ብርዱን ተዉት። እዚያ ከጥቅምት ገደማ እስከ መጋቢት የሚበረታ አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ አለ። እኛም ጋ አለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የማይዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ትልቅ ሰው ላይ ተራ ጉንፋን ነው። ጨቅላ ላይ ግን የሳንባውን ቀጫጭን ቱቦዎች ያሳብጥና በአክታ ይደፍናቸዋል፤ በተለይ ስድስት ወር ባልሞላው፣ ያለጊዜው በተወለደና የልብ ችግር ባለበት ልጅ ላይ ይከፋል።

ቫይረሱ የሚገባው በመስኮት ሳይሆን በእጅ፣ በሳልና በመሳም ነው። ችግሩ አራስ ጥየቃችን ላይ ነው። ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይገባል፣ ልጁን ያነሣል፣ ጉንጩን ይስማል። ሰው አገር ደግሞ የመጣው ሐበሻ ሁሉ ዘመድ ነው፤ ማን ይመለሳል? እኔ የምመክረው ሐኪሙ ላይ ማሳበብ ነው፦ «እስከ ክርስትናው እንዳይሳም ብሏል» በሉ። 40ው ወይም 80ው ቀን ካለፈ ደግሞ ብርዱ እስኪወጣ አራዝሙት። ክርስትና ለማታነሡም ሐኪሙ ብቻውን ይበቃል። እጁን ሳይታጠብ ልጅ የሚነካ አይኑር፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ገንፎውን በር ላይ አስረክቦ ይሂድ። ከመዋያ የሚመለስ ታላቅ ልጅ ካለ፣ እጁን ሳይታጠብ ሕፃኑ ጋ እንዳይደርስ።

መጀመሪያ ንፍጥና ሳል ይመጣል፤ ትኩሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። የሚብሰው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ በሁለተኛው ቀን «ቀለል ብሎታል» ብላችሁ አትዘናጉ። ወላጅ ሳሉን ይሰማል፤ እኔ የማየው ደረቱን ነው። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጣችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል፤ ያን ቀን ሐኪም ይየው። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ትኩሳቱ 38 ከደረሰም እንደዚሁ።

ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር የሚሰረጉድ ከሆነ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚሰፋ ከሆነ፣ ካቃሰተ፣ ጡት መሳብ ካቃተው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ቀጠሮ አትጠብቁ። መጥቆርና ወደ ሰማያዊ መለወጥ በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ቶሎ አይታይም፤ ምላሱን፣ ድዱንና የከንፈሩን ውስጥ እዩ። አራስ ሳይስል እንኳ ትንፋሹን ሊያቋርጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አሜሪካ 911፣ እንግሊዝ 999፣ ጀርመን 112 ደውሉ። እኔ ጋ አትደውሉ፤ ከኮዬ ኦክሲጅን አልልክም፣ ኔትወርኩም ሊጠፋ ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚያግዘው ቀላል ነገር ነው፦ የጨው ውኃ ጠብታ አፍንጫው ውስጥ፣ ንፍጡን መምጠጥ፣ ከዚያ ጡት፤ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እናቶቻችን ከዚህ በስልክ የሚያዝዙትን ቅቤ ማስዋጥ ግን እምቢ በሉ፤ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። እንጥል ማስቆረጥ ፈጽሞ! አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም፤ ከሻንጣችሁ አታውጡት። ከሰሉና እጣኑም በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ለሕፃን ሳንባ አይበጁም፤ ከሰል እንዲያውም ቤተሰቡን ሁሉ በመርዛማ ጋዝ ሊገድል ይችላል።

አሁን መከላከያ አለ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አሜሪካ ከ32 እስከ 36ኛው ሳምንት በቫይረሱ ወቅት ገደማ፣ እንግሊዝ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሰጥ ክትባት አለ፤ ልጁ በናቱ በኩል ተጠብቆ ይወለዳል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ኒርሴቪማብ የሚባል ተዘጋጅቶ የሚወጋ አንቲቦዲ (ቫይረሱን የሚከላከል ንጥረ ነገር) አለ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይበቃል። ከዚህ ይዛችሁት የሄዳችሁት የክትባት ካርድ ላይ ያለው የሳንባ ምች ክትባት ይህን አይሸፍንም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ካርዱን አሳዩና የአርኤስቪውን በስሙ ጠይቁ። ቋንቋው ከከበዳችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ ንገሯቸው፤ አሜሪካና እንግሊዝ ሆስፒታል ውስጥ ክፍያ የለውም። በስልክም ቢሆን መጀመሪያ የቆጠራችሁትን ትንፋሽ ንገሯቸው፣ ቀጥሎ ዕድሜውን።