መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲል፦ የባትሪ ችግርና መፍትሄ፣ ከምትክ ባትሪ አመራረጥ ጋር

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በሰበታ የሚኖር ባለመኪና የባትሪውን መድከም የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት፣ ማለዳ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩ እያቃሰተ ሲቀርበት ነው። ብርዱ የሞተር ዘይቱን ያወፍረዋል፤ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደትም ያዘገየዋል። በመሆኑም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ብዙ ኃይል በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ከወትሮው ያነሰ ይሆናል። ይሁን እንጂ አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም። አዲስ ባትሪ ገዝቶ በሳምንቱ ያው ችግር የተመለሰበት ሰው ጥቂት ስላልሆነ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ማውጣት ይሻላል።

ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ

በመጀመሪያ ኮፋኖውን ከፍቶ ገመዶቹ ባትሪው ላይ የሚታሰሩበትን ቦታ፣ ማለትም ፖሎቹን ማየት ነው። በፖሉ ዙሪያ ነጭ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ዱቄት ካለ፣ ወይም መቆንጠጫው በእጅ ሲወዘወዝ የሚዞር ከሆነ፣ ኃይሉ ባትሪው ውስጥ እያለ ወደ ሞተሪኖው አይደርስም። በኮብልስቶንና በፒስታ መንገድ የሚመላለስ መኪና መቆንጠጫው ቶሎ ይላላል። መፍትሄው ኔጌቲቩን አስቀድሞ፣ ፖዘቲቩን አስከትሎ መፍታት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ መፈግፈግ፣ ካደረቁ በኋላ አጥብቆ ማሰርና ከላይ ስስ ቫዝሊን መቀባት ነው። ፖሎቹ ንጹሕ ሆነው፣ የፊት መብራቱም ቁልፉ ሲዞር ምንም ሳይደበዝዝ ሞተሩ ካልዞረ ግን፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ወይም ወደ ገመዱ ይሄዳል፤ ባትሪ መለወጥ እዚህ ላይ አይረዳም።

ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ካልነሳ

መለካት ያለበት መኪናው ካደረ በኋላ፣ ምንም መብራት ሳይበራ ነው። ከጉዞ እንደተመለሱ ሲለካ ከላይ የቀረው ጊዜያዊ ቻርጅ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳሳታል። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ደግሞ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ባዶ መሆኑ ብቻውን የሞት ማስረጃ ስላልሆነ በቻርጀር ቀስ ብሎ ሞልቶ እንደገና መፈተን ያስፈልጋል። ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ በፖሎቹ ላይ ሲለካ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ውስጡ ደክሟል፤ የሚለወጠውም ይህ ነው። ቤት ውስጥ ሊደረጉ ከሚችሉ ፈተናዎች ሁሉ እኔ የምተማመነው በዚህኛው ነው።

መብራት ሲጠፋ የመኪናውን ባትሪ አውጥቶ አምፖል ማብሪያ የማድረግ ልማድም ለዚህ ድካም ይዳርጋል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ደጋግሞ እስከ መጨረሻው ከተሟጠጠ አይመለስም።

ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ተነሥቶ ሲውል ደህና ሆኖ፣ ሲያድር ከደከመ

ሞተሩ እየሠራ በፖሎቹ ላይ ሲለካ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ከነበረው ቁጥር ካልጨመረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም ቤልቱ ችግር አለበት። ከ15 ካለፈ ደግሞ ዲናሞው ከልክ በላይ እየሞላ የባትሪውን ውሃ ያፈላዋል፤ እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ባትሪ መግጠም አዲሱንም ማቃጠል ነው። ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ፣ መኪናው ተቆልፎ እያለ ከባትሪው ኃይል የሚጎትት ዕቃ ይፈለጋል። ለዚህም የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን በአምፔር በፖሉና በገመዱ መካከል ማስገባትና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማዞር የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ከ50 ሚሊአምፔር ብዙ ካለፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ቴፕ ወይም ጂፒኤስ ሆኖ ይገኛል።

ምትኩን ስለመምረጥ

ባትሪው መሞቱ ከተረጋገጠ፣ መኪናው ይዞት የመጣውን ማርካ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ወደ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ከመውረድ በፊት ግን አሮጌውን ባትሪ እንደተቀመጠ በስልክ ፎቶ ማንሳት ብዙ ክርክር ያስቀራል። በጃፓን መኪኖች ላይ ለምሳሌ 55D23L የሚል ጽሑፍ ይታያል። 55 የአቅም ደረጃ ነው እንጂ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው አምፔር አይደለም፤ D የወርዱንና የከፍታውን መደብ፣ 23 ርዝመቱን በሴንቲሜትር፣ L ደግሞ ፖሎቹ በየትኛው ጎን እንዳሉ ያመለክታል። የመጀመሪያው ቁጥር ቢበልጥ መኪናውን አይጎዳም፤ መኪናው የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። L በR ከተተካ ግን ገመዱ አይደርስም፤ ተጎትቶ ወይም ተገልብጦ ከታሰረም ፊውዝና ዲናሞ ይቃጠላል። ከፍታው የበለጠ ባትሪ ፖሉ ከኮፋኖው ቆርቆሮ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ጽሑፉ ውስጥ B24 ባለባቸው ባትሪዎች ደግሞ ፖሉ ቀጭንም ወፍራምም ስለሚመጣ (ወፍራሙ መጨረሻው ላይ S አለው) ከመቆንጠጫው ጋር የሚገጥመውን መምረጥ ነው እንጂ ቀጭኑን በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ መፍትሄ አይደለም።

ትራፊክ መብራት ላይ ሞተሩን ራሱ የሚያጠፋ መኪና ባትሪው ላይ Q-85 ወይም N-55 የሚል ምልክት ካለው ምትኩም የዚያው ዓይነት መሆን አለበት፤ ተራው ባትሪ ቢገጥምም ዕድሜው ያጥራል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱትም መኪኖች ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሷ ስትደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም።

ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ማለቱ ብዙም አይነግርም፤ ስቲከር ማተም ቀላል ነው። የተመረተበትን ቀን መጠየቅና ቴስተሩን እዚያው ማሳረፍ ይበልጣል። ከ12.4 በታች ያሳየ ባትሪ መደርደሪያ ላይ የቆየ ነውና ሌላ ይጠየቅ። መጠናቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ባትሪዎች ቀለል የሚለው ብዙ ጊዜ እርሳሱ ያነሰ ነው።

አገጣጠሙ

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይወጣል፤ በር እንዳይቆለፍ ቁልፉ በኪስ ይሁን። ሲፈታ ኔጌቲቭ ይቀድማል፤ ፖዘቲቩ ሲፈታ መፍቻው ቦዲ ቢነካ እንኳ እሳት አይተፋም። ሲታሰር ፖዘቲቭ ይቀድማል፣ ኔጌቲቭ መጨረሻ ይሆናል። ባትሪውን የሚይዘው ብረት ጠፍቶ በላስቲክ ወይም በሽቦ የታሰረ መኪና በየመንደሩ ይታያል፤ በከተማው ዳር መንገድ ላይ ግን ንዝረቱ ውስጡን ስለሚያራግፈው ብረቱን መልሶ መግጠም የአዲሱን ባትሪ ዕድሜ ያራዝማል። ከገጠሙ በኋላ ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ቢል በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ እንደገና እየተማረ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እንዲሠራ ይተዋል፤ በዚያው ጊዜ የዲናሞውን ቮልት ደግሞ መለካት ይቻላል። አሮጌው ባትሪ እርሳስና አሲድ ስላለው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይቀመጥ፤ ተቀብሎ ከዋጋው የሚቀንስ ሻጭ አለና ሲገዙ ይዞ መሄድ ነው። ደረሰኙ ላይ የተገዛበት ቀንና የባትሪው ቁጥር መጻፉም እዚያው ይረጋገጥ፤ ያለዚያ ዋስትናውን መጠየቅ ያስቸግራል።