ወሳኝ ነጥብ ላይ የቴኒስ ግጥሚያ የሚያስጥሉ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የዊምብልደን የወንዶች ፍጻሜ ሮጀር ፌደረር 218 ነጥብ፣ ኖቫክ ጆኮቪች ደግሞ 204 ነጥብ አገኙ። ዋንጫውን ያነሳው ግን ሦስቱንም ታይብሬክ (የግጥሚያው አንድ ክፍል እኩል ሲሆን አሸናፊው የሚለይበት የነጥብ ፉክክር) ያሸነፈው ጆኮቪች ነው። በቴኒስ ነጥብ ሁሉ እኩል አይመዝንም። በአንድ ጌም (ግጥሚያው ከሚከፋፈልባቸው ትንንሽ ዙሮች በአንዱ) 40-0 እየመሩ የተሳሳቱት ውሳኔ ይታለፋል፤ 30-40 ላይ ግን ጌሙን ያስወስዳል። የሚከተሉት ስህተቶችም በልምምድ ላይ እምብዛም አይታዩም፤ ብቅ የሚሉት ውጤቱ ሲቀራረብ ነው።

ሳይረጋጉ ቀጥታ መስመሩን መሞከር

ከሁሉም በላይ ግጥሚያ የሚያስጥለው ይህ ነው። ተጫዋች ወደ ሜዳው ጥግ ተስቦ እየሮጠ ሳለ፣ ጭንቀቱ ቶሎ እንዲያልፍለት ኳሷን የጎን መስመሩን አስታክኮ ቀጥ አድርጎ ይመታታል። የሜዳው ልኬት ግን አያግዘውም። መረቡ መሐሉ ላይ 91.4 ሳንቲሜትር፣ ምሰሶዎቹ ጋ 107 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው። የሜዳው ርዝመት 23.77 ሜትር ሲሆን፣ በነጠላ ጨዋታ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያለው ሰያፍ 25.15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሰያፍ ምት ዝቅ ባለው የመረቡ ክፍል ያልፋል፤ ለማረፊያም 1.4 ሜትር ያህል ትርፍ ያገኛል። በዚያ ላይ ተጋጣሚዎ ቀጥታው ምት ላይ ደርሶ በሰያፍ ከመለሰው፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሮጡት እርስዎ ነዎት።

ቀጥታውን ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ይምረጡ፦ ኳሷ አጥራ ስታርፍ፣ እርስዎ ከኋላ መስመሩ ወደ ውስጥ ገብተው ሲቆሙ፣ እግርዎም ሲረጋ። አንዱ ከጎደለ ኳሷን ከፍ አድርገው በሰያፍ ይምቱና ወደ ቦታዎ ይመለሱ።

ሁለተኛውን ሰርቭ ፈራ ተባ እያሉ መምታት

ሰርቭ ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት ነው፤ ደብል ፎልት (ሁለቱም ሰርቭ ተበላሽቶ ነጥብ ማጣት) የፈራ ሰው ራኬቱን ያዘገያል። ይሁንና ኳሷን መረቡን አሳልፎ ወደ ሳጥኑ የሚያወርዳት ሽክርክሪቷ ነው፤ ሽክርክሪቱ ደግሞ ከራኬቱ ፍጥነት ይመጣል። እጅ ሲዘገይ ኳሷ ወይ መረብ ትነካለች፣ ወይ ረዝማ ትወጣለች፤ ብትገባም ለተጋጣሚ ተመቻችታ ትነሳለች። ራኬቱን እንደ ሁልጊዜው በፍጥነት ይሰንዝሩ፤ ከመረቡ በላይ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተዉ፤ ዒላማዎም የተጋጣሚዎ ገላ ይሁን። ገላ ላይ የመጣ ሰርቭ እጅ ዘርግቶ ለመምታት አይመችም፤ ከጎን መስመሩም ስለሚርቅ በትንሽ ስህተት ከሜዳ አይወጣም።

ብሬክ ፖይንት ላይ በመጀመሪያው ምት ለመጨረስ መጣደፍ

ብሬክ ፖይንት ተቀባዩ ካሸነፈው የሰርቨሩን ጌም የሚወስድበት ነጥብ ነው። ያኔ የሚጨነቀው ሰርቭ የሚመታው ነው፤ ኳስ በጨመሩበት ቁጥር የመሳሳት ዕድሉም ይጨምራል። ሁለተኛ ሰርቭ ከመጣልዎት በመሐል በኩል ወደ ኋላ መስመሩ አስጠግተው ይመልሱት። ከሜዳው መሐል ለሚመታ ሰው ሰፊ ማዕዘን ማግኘት ይከብደዋል።

ከተበላሸ ነጥብ በኋላ መቸኮል

ሕጉ በነጥቦች መካከል እስከ 25 ሰከንድ ይፈቅዳል። ሰርቩ የእርስዎ ከሆነ ጊዜውን ይጠቀሙበት፦ ጀርባዎን ለመረቡ ሰጥተው ይራመዱ፤ ትንፋሽዎን ረዘም አድርገው ያውጡ፤ ከዚያ ሰርቩን ወዴት እንደሚልኩ፣ ቀጣዩን ኳስ በየት በኩል እንደሚመቱ ይወስኑ። ኳሷን ማንጠር የሚጀምሩት ከወሰኑ በኋላ ይሁን። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ሐሳብ መቀየር ሰርቩን ያበላሻል። ተቀባይ ሲሆኑ ግን በሰርቨሩ ምክንያታዊ ፍጥነት መሄድ ግዴታ ስለሆነ፣ የመመለሻ አቅጣጫዎን ወደ ቦታዎ እየሄዱ ሳሉ ይምረጡ።

እየመሩ አጨዋወት መለወጥ

በጌም 5-3 እየመራ ያለ ተጫዋች "እንዳልሳሳት" ብሎ ኳስ መግፋት ይጀምራል፤ ተጋጣሚውም ነፍስ ይዘራል። 5-3 ያደረስዎት አጨዋወት ይቀጥል። ዕቅድ መለወጥ የሚገባው ተጋጣሚ መልስ ሲያገኝለት ነው፤ ለምሳሌ መረብ በቀረቡ ቁጥር ሎብ (በራስዎ ላይ ከፍ ብላ የምታልፍ ኳስ) እየጣለ የሚያልፍዎ ከሆነ። ያንንም ቢሆን በነጥብ መሐል ሳይሆን ቦታ ሲቀያየሩ በሚሰጠው 90 ሰከንድ ተቀምጠው ይወስኑ።