አኮስቲክ ስፖንጅ ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባዶ ክፍል መሀል ቆመው አንዴ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው ቀጥሎ «ጥርርር» የሚል፣ የነፍሳት ክንፍ የሚመስል ርግብግብታ ከተከተለ፣ ድምፁ ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ልሙጥ ግድግዳዎች መካከል እየተላጋ ነው። አኮስቲክ ፎም፣ ብዙዎቻችን የስቱዲዮ ስፖንጅ የምንለው፣ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ችግር ነው። «ገዝቼ ለጥፌ ምንም ለውጥ አላየሁም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስፖንጁን የማይችለውን ሥራ ጠይቆታል፤ አለዚያም ውፍረቱን ወይም ቦታውን ስቷል።

የጎረቤት ድምፅ ያስቀርልኛል ብሎ መግዛት

ስፖንጁ ድምፅን ይመጥጣል እንጂ አያግድም። ድምፁ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሲገባ አየሩ ከስፖንጁ ክሮች ጋር እየተፋተገ ጉልበቱን ያጣል፤ በዚህም ወደ ክፍሉ ተመልሶ የሚነጥረው ይቀንሳል። ማገድ ሌላ ሥራ ነው፤ ክብደትና አየር የማያሳልፍ መገጣጠሚያ ይጠይቃል። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ 15 ሴንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ግን ከ150 ኪሎ በላይ ነው። ድምፅ እየወጣ ወይም እየገባ ካስቸገረዎት ገንዘቡን በሩ ላይ ያውሉት፦ ድፍን በር፣ ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ፣ ከሥር ያለውን ክፍተት የሚዘጋ መጥረጊያ ጎማ። አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅም ያልፍበታል።

በቀጭን ስፖንጅ ግድግዳውን ሙሉ ማልበስ

ብዙው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለድግግሞሹ (በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ፣ በኸርዝ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) ሲያካፍሉት የሞገዱ ርዝመት ይወጣል፦ የ2000 ኸርዝ ሞገድ 17 ሴንቲ ሜትር፣ የ500 ኸርዝ 69 ሴንቲ ሜትር፣ የ100 ኸርዝ ደግሞ 3.4 ሜትር። ስፖንጁ የሚሠራው አየር ሲንቀሳቀስ ነው፤ ግድግዳው ጥግ ያለው አየር ደግሞ ግድግዳው ስለያዘው መወዛወዝ አይችልም። እንቅስቃሴው የሚበረታው ከግድግዳው የሞገዱን ሩብ ያህል ሲርቁ ነው። ለ2000 ኸርዝ ይህ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ500 ኸርዝ 17፣ ለ100 ኸርዝ ግን 86 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ስፖንጁ ሙሉ ሩቡን መሙላት የለበትም፤ የሩቡን ሲሶ ያህል ቢደርስም ደህና ይሠራል። ስለዚህ በተግባር 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ከ1000 ኸርዝ በላይ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ከ500 ገደማ ጀምሮ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከ250 ገደማ ጀምሮ ይጠቅማል። የወንድ ድምፅ መነሻው 100 ኸርዝ አካባቢ መሆኑን ልብ ይበሉ።

እንግዲህ አራቱንም ግድግዳ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ሲያለብሱ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይዋጣል፤ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ይደበዝዛሉ፣ ወፍራሙ ግን እንደነበረ ይቀራል። ተናጋሪው ጋን ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ያኔ ብዙ ሰው ኢኳላይዘሩ (የቀጭንና የወፍራም ድምፅ ማስተካከያው) ላይ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ከንግግሩ ጋር የማይኩ ሹክሹክታም አብሮ ከፍ ይላል።

በዚያው በጀት የቦታውን ስፋት በግማሽ ቀንሰው ውፍረቱን እጥፍ ያድርጉት። ወፍራሙ ካልተገኘ 5 ሴንቲ ሜትሩን ስፖንጅ ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ከኋላው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት እንዲኖረው በሞራሌ ፍሬም ላይ ይግጠሙት። ክፍተቱ ምንም አያስወጣም፤ የሚሠራበትን ድግግሞሽ ግን በደንብ ዝቅ ያደርገዋል።

ስንት ካሬ እንደሚበቃ ሳያሰሉ መጀመር

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ መምህር የመቀመጫ ትራሶችን እያስገባና እያስወጣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ በሰዓት ይለካ ነበር። ከዚያ የተገኘው ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራል፦ 0.161 ሲባዛ በክፍሉ ይዘት (በሜትር ኩብ)፣ ሲካፈል ለጠቅላላው የመምጠጥ አቅም (በካሬ ሜትር)። ውጤቱ ድምፁ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) እስኪወርድ የሚፈጀው ሴኮንድ ነው።

4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ባዶ ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 33.6 ሜትር ኩብ፣ የገጾቹ ድምር 63 ካሬ ገደማ ነው። ልስን ግድግዳ ከሚደርሰው ድምፅ 5 በመቶ ያህሉን ቢመጥጥ፣ አቅሙ 3.2 ካሬ፣ ጊዜው 1.7 ሴኮንድ ይሆናል። ለንግግር ቀረጻ ወደ 0.4 ሴኮንድ ለማውረድ በጠቅላላው 13.5 ካሬ አቅም ያስፈልጋል፤ 3.2ቱ ስላለ የሚጎድለው 10.3 ነው። የሚመጥጠው 80 በመቶ የሆነ ስፖንጅ ከሆነ፣ የሚሸፍነው ልስን 5 በመቶ ሲቀነስ እያንዳንዱ ካሬ 0.75 ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ13 እስከ 14 ካሬ ሜትር ስፖንጅ ማለት ነው። ከጠቅላላው ገጽ አንድ አምስተኛውን ትንሽ አለፍ ቢል ነው እንጂ ሙሉ ክፍሉ አይደለም። ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ ወፍራም መጋረጃና በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ካለ ደግሞ ከዚህም ይቀነሳል። ከዚህ በላይ ሲያበዙ ክፍሉ ጆሮን የሚጫን፣ ሰው ብዙ መቀመጥ የማይወድበት ይሆናል።

ለዓይን ደስ ባለው ቦታ መለጠፍ

ስፒከር ለሚያዳምጥ ሰው ቦታውን የሚነግር አንድ መስታወት ነው። እርስዎ በመቀመጫዎ ላይ ሆነው ሌላ ሰው መስታወቱን በጆሮዎ ከፍታ በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። በመስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየዎት ቦታ፣ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮዎ የሚመጣበት ነው። በእርሳስ ምልክት አድርገው በሁለቱም ጎን ስፖንጁን እዚያ ያኑሩት፤ ለአንድ ነጥብ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ኮርኒሱ አለ። ብዙዎች ይረሱታል፤ ምንጣፍ ባለበት ክፍል ግን ከሁሉ የሚነጥረው እሱ ነው።

ለማይክ ሒሳቡ ይገለበጣል። ካርዲዮይድ የሚባለው የማይክ ዓይነት ከጀርባው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም፤ በደንብ የሚሰማው ወደ ተናጋሪው ባዞረው ፊቱ በኩል የሚመጣውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሸፈነው ከተናጋሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ማይኩ ጀርባ ላይ ብቻ የተለጠፈ ስፖንጅ በካሜራ ያምራል፣ ለድምፁ ግን የሚሰጠው ጥቅም ግማሽ ነው።

ማዕዘኖቹ ጋ ደግሞ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ይከማቻል። ለዚያ ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ብዙ አይፈይድም፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከስፖንጅ ይልቅ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) የተሻለ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል በ43 ኸርዝ ይዘምራል፣ ማለትም ያ ድምፅ ይጎላበታል፤ በትክክል መሀሉ ላይ የተቀመጠ ሰው ያንን ድምፅ ከናካቴው አይሰማውም ማለት ይቻላል። ይህን ስፖንጅ አያድነውም፣ ወንበሩን ግማሽ ሜትር መግፋት ግን ያድነዋል።

በመልኩ መምረጥ

ፒራሚድና ሸንተረር ያለው ስፖንጅ 5 ሴንቲ ሜትር ሲባል የሚለካው ጫፉ ላይ ነው፤ በሸለቆዎቹ ምናልባት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ አለው። ዋጋው እኩል ከሆነ ለወፍራሙ ድምፅ ጠፍጣፋው ይበልጣል።

የእንቁላል ካርቶን፣ ስቴሮፎምና የዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅስ? ካርቶኑ ቀጭን ወረቀት ነው፤ ሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳቸው የተዘጋ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ስፖንጁን አፍዎ ላይ አጥብቀው ይዘው ይንፉ። ትንፋሽዎ እየታገለ በሌላው በኩል ከወጣ ይሆናል፤ ጭራሽ ካላለፈ አይሆንም፤ ምንም ሳይታገል ካለፈም ሥራው ደካማ ነው። ስፖንጁን የሚሸፍኑበትን ጨርቅም እንዲሁ ይፈትኑት። ቀለም መቀባት ቀዳዳውን ስለሚደፍን አይሞከርም።

ስለ እሳት አለመጠየቅ

ተራ ፖሊዩሬቴን ስፖንጅ በፍጥነት ይነዳል፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ሳያናይድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ዌስት ዋርዊክ በአንድ የምሽት ክበብ የመድረክ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞቷል፤ በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ በተመሳሳይ ምክንያት 242 ሰው አልቋል። ሲገዙ የእሳት ደረጃውን የሚያሳይ የፈተና ወረቀት ይጠይቁ፤ «እሳት አይዘውም» የሚል የቃል ማረጋገጫ አይበቃም። ሜላሚን ስፖንጅ ዋጋው ከፍ ቢልም እሳትን በጣም የተሻለ ይቋቋማል። የትኛውንም ቢሆን ከአምፖል፣ ከሶኬት፣ ከማሞቂያና ከሻማ ያርቁት፤ መውጫ በር ላይም አይለጥፉት።

በቀጥታ ግድግዳው ላይ መለጠፍ

ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በሙቀት ይለቃል፣ ስፖንጁም ሌሊት አንድ በአንድ ይረግፋል። ማስቲሽ አይለቅም፤ ነገር ግን ሲያነሱት የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስፖንጁን ይበላዋል። መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። የተሻለው ስፖንጁን በቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፎ በፊሸርና በብሎን መስቀል ነው፤ ቤት ሲቀይሩም ይዘውት ይሄዳሉ።

ታሽጎና ተጨምቆ የመጣ ስፖንጅ ከሆነ ከማሸጊያው አውጥተው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት። ካልተነሳ ውኃ በስሱ ረጭተው ቀስ ብለው ይጨምቁትና ጥላ ላይ ያድርቁት። ሳይነሳ የተለጠፈው ዳሩ እንደተሸበሸበ ይቀራል።

ብሎኑን ከማጥበቅዎ በፊት ደግሞ ሰሌዳዎቹን ግድግዳ አስደግፈው ያጨብጭቡ። «ጥርርሩ» አሁንም ካልጠፋ ፊት ለፊት በሚተያዩት ሁለት ግድግዳዎች ላይ አቀያይረው ያቁሟቸው፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ በሌላው በኩል ባዶ ግድግዳ እንዲያይ።