ሕመም የማይሰማውን ልጅ እንዴት እንጠብቀው?

በነርቭ ሴል ገጽ ላይ ትርክ-ኤ የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን አለ፤ የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ሲያርፍበት፣ ሕመምንና ሙቀትን የሚያስተላልፉት ሴሎች በፅንስ ጊዜ በሕይወት እንዲቆዩ ያደርጋል። የማሳደጊያውን ፕሮቲን ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ከስታንሊ ኮኸን ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ተቀባዩን የሚሠራው ዘረመል ከእናትም ከአባትም በኩል ተበላሽቶ ሲወረስ ግን ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ልጁም ሕመም የማይሰማው፣ ላብ የማያልበው ሆኖ ይወለዳል። መርፌ ሲወጋ አለማልቀሱ ጉብዝና አይምሰላችሁ።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ማታ ማታ ካልሲውን አውልቃችሁ ውስጥ እግሩን በጥሩ ብርሃን መርምሩ፤ የወጋውን እሾህ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ሊውል ይችላልና። ምላሱንና የጣቶቹን ጫፍ ነክሶ እንደሆነ እዩ፤ ዓይኑ ከቀላ ሳታሳድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ያበጠ እግር፣ ልጁ እየተራመደበት እንኳ ቢሆን፣ ስብራት ሊኖረው ስለሚችል ራጅ መነሣት አለበት። ከምድጃና ከጀበና አርቁት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው። ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ላብ የማያቀዘቅዘው ሰውነት ፈጥኖ ይግላል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትር፣ ውኃና እርጥብ ፎጣ ሳትይዙ አትነሡ፤ ግለቱ አልበርድ ካለም በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወዲያው አድርሱት።