ኩላሊቱ የታመመ ያረጀ ውሻን እንዴት እንመግብ?

ያረጀ ውሻ ውሃ ማብዛት ሲጀምር፣ ሽንቱ ሲበዛ፣ ሲከሳ፣ ምግቡን አሽትቶ ሲተወው ብዙ ሰው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የኩላሊት በሽታም ግን የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ምልክቱ የሚታየው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው የኩላሊት አቅም ከጠፋ በኋላ ነው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን በምግብ ማገዝ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ኩላሊታቸው የታመመ 38 ውሾችን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሎ ነበር። ለኩላሊት የተዘጋጀ ምግብ የበሉት መደበኛ ምግብ ከበሉት የበለጠ ኖረዋል፤ በሽታው የባሰባቸውም ዘግይቶ ነው።

1. መጀመሪያ አስመርምሩ

ውሃ የሚያበዛ ውሻ ሁሉ የኩላሊት በሽተኛ አይደለም፤ ስኳርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደምና ሽንት ይመርመር። ከደሙ ውጤት ላይ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው) እና ፎስፈረስ የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጻፉና ያዙ። ክሬያቲኒኑ በmg/dL ተለክቶ ከ1.4 እስከ 2.8 ከሆነ የበሽታው ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ከ2.9 እስከ 5 ሦስተኛ፣ ከ5 በላይ አራተኛ። ምግቡን የመቀየር ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው የማስተማሪያ ሆስፒታል እንዳለው አትርሱ።

2. አጥንቱን አቁሙ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። «ኩላሊት» ሲባል ሰው ቶሎ ሥጋ ይከለክላል። ከሥጋው በፊት መቆም ያለበት ግን አጥንቱ ነው። የታመመ ኩላሊት ፎስፈረስን ማስወጣት ያቅተዋል። ፎስፈረሱ ደም ውስጥ ሲጠራቀም የተረፈውን ኩላሊት ይጎዳል፣ ከውሻው ከራሱም አጥንት ካልሲየም እንዲወጣ ያደርጋል። አጥንት ደግሞ በፎስፈረስ የተሞላ ነው። ጉበት፣ ወተትና አይብም ብዙ አላቸው።

እኛ አገር ውሻን መውደድ የሚገለጸው በአጥንት ስለሆነ ይሄ ቀላል አይደለም። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ «ለውሻ» ስትሉ ምን እንደሚጠቀለልላችሁ ታውቃላችሁ። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ እንግዳው ሁሉ ከጠረጴዛው ሥር ይወረውራል። ለእንግዳው ንገሩት። ለልጆቹም፣ ለዘበኛውም ንገሩ። አንድ ሰው ሳይሰማ ከቀረ ልፋታችሁ ገደል ገባ።

ፕሮቲን ይቀነስ እንጂ አይጥፋ። ጨርሶ ከከለከላችሁት ውሻው የራሱን ጡንቻ ይበላል። ይከሳል፣ እግሩም ይደክማል። ትንሽ ግን ጥሩ ፕሮቲን ነው የሚፈለገው። ለዚህ ከእንቁላል ነጩ ክፍል የሚበልጥ የለም፤ የአንድ እንቁላል ነጭ ወደ 3.6 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው ፎስፈረሱ 5 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። አስኳሉ ግን ከ60 ሚሊግራም ያልፋል። ስለዚህ አስኳሉን ለራሳችሁ አድርጉት።

3. ምግቡን አዘጋጁ

ለኩላሊት ሕሙማን የሚሸጡት የታሸጉ ምግቦች፣ እንደ ሂልስ ኬ/ዲ እና ሮያል ካኒን ሬናል ያሉት፣ ከተገኙ የሚመረጡ ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ የሐኪም ትእዛዝ ትጠየቃላችሁ። እዚህ ግን ቢገኙም ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ቤት መሥራታችን አይቀርም።

10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ፣ ለአንድ ቀን፣ ለመነሻ ያህል ይህን ያዙ፦ አንድ ኩባያ ተኩል የበሰለ ነጭ ሩዝ፣ 80 ግራም ያህል አጥንት የሌለው ሥጋ (ጥሬውን ተመዝኖ)፣ የሁለት እንቁላል ነጭ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት።

ሥጋውን ትንንሽ አድርጋችሁ ክተፉት፣ በብዙ ውሃ ቀቅሉት፣ መረቁን ድፉት። አዎ፣ ድፉት። ከፎስፈረሱ የተወሰነው መረቁ ውስጥ ነው የሚቀረው። ሩዙንም እንደ ፓስታ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ማጥለል ይሻላል። የእንቁላሉ ነጭ ይብሰል። ጨው የለም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጭራሽ አይገቡም፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ የኩላሊት በሽተኛ ደግሞ ድሮም ደም ያንሰዋል። ወጥ የነካው ፍትፍት የሚከለከለው ለዚህ ነው። ዘቢብና የወይን ፍሬም ኩላሊት ይጎዳሉ።

እንጀራስ? ጤፍ ከነጭ ሩዝ ይልቅ ፎስፈረስ ይበዛዋል። መድኃኒት ለመጠቅለል ቁራሽ ቢሰጠው ምንም አይደለም፤ ዋና ምግቡ ግን አይሁን።

ይህ ምግብ እንዲሁ ለወራት ቢቀጥል ካልሲየምና ቫይታሚን ይጎድለዋል። ምን ያህል እንደሚጨመር ሐኪሙ በደሙ ውጤት ይወስን። የዓሣ ዘይትም ለኩላሊት ይረዳል፣ መጠኑን እሱኑ ጠይቁት።

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ቤት የሚሠራው ሽሮ ይሆናል፣ ውሻውም ሳይወድ አብሮ ይጾማል። ጤነኛ ውሻ ሥጋ ማጣቱን ይችለዋል። ሽንኩርትና ጨው ያለበት ሽሮ ፍትፍት ግን ለማንም ውሻ አይሆንም፣ ለታመመው ደግሞ ይብሳል። ከቅበላ በፊት ሥጋውን ቀቅላችሁ በየቀኑ ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡለት።

4. ቀስ ብላችሁ ቀይሩ

ከድሮው ምግብ ጋር እየቀላቀላችሁ፣ አዲሱን በየሁለት ሦስት ቀኑ እየጨመራችሁ፣ በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አሸጋግሩት። በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁበት ያኮርፋል። የቀኑን ምግብ ሦስት አራት ቦታ ከፍላችሁ ትንሽ ሞቅ አድርጋችሁ ስጡት፤ ሲሞቅ ይሸተዋል፣ ሲሸተው ይበላል።

5. ውሃ አትከልክሉ

«ውሃ ስለሚያበዛ ነው ቤት ውስጥ የሚሸናው» ብሎ ማታ ሳህኑን የሚያነሳ ሰው አለ። ይሄ አደገኛ ነው። ውሻው የሚጠጣው ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ስላቃተው ነው። ውሃው ከተነሳ ሽንቱ አይቆምም፣ ሰውነቱ ግን ይደርቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእሱ የሚሆን ጄሪካን ለብቻው ይቀመጥ።

6. መድኃኒት ላይ ተጠንቀቁ

ፎስፈረሱ በምግብ ብቻ አልወርድ ካለ ሐኪሙ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ሊያዝለት ይችላል። ሥራው ምግብ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አንጀት ላይ ይዞ ማስቀረት ነው። ስለዚህ ከምግብ ጋር ካልተሰጠ ዋጋ የለውም። ይኸው ነገር በሰው የጨጓራ መድኃኒት ውስጥም አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን ማግኒዥየም ተቀላቅሎበት ነው። ስለዚህ ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። እግሩን ሲያመው ቤት ያለውን ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ ሁለቱም ኩላሊት ይመታሉ።

7. በየሳምንቱ መዝኑት

አቅፋችሁት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። እየከሳ ከሆነ መጠኑን ጨምሩ ወይም ሐኪሙን አማክሩ። የደሙን ምርመራ መቼ እንደምትደግሙም አብራችሁ ጠይቁ።

8. አልበላም ሲል

የሚያቅለሸልሸው ቀን መምጣቱ አይቀርም። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳህኑ ጋ ደርሶ ይመለሳል። አፉን ከፍታችሁ አታጉርሱት። እንደዚህ ባለው ቀን አዲሱን የኩላሊት ምግብም አታስለምዱት። ውሻ ያቅለሸለሸው ጊዜ የቀረበለትን ምግብ ሕመሙ ከእሱ የመጣ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢሻለውም አይነካውም። ከአጥንት፣ ከጨው፣ ከሽንኩርት፣ ከዘቢብና ከወይን ፍሬ በቀር የወደደውን ይብላ፣ እንቁላሉም ከነአስኳሉ ይሁንለት። ምንም ካለመብላት ያልተስተካከለ ምግብ መብላት ይሻለዋል። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ ወይም ደጋግሞ ካስታወከ ግን ነገ አትበሉ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ማስታወኩን የሚያቆም መድኃኒትና ከቆዳው ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለ። ሲሻለውና ሳህኑን በራሱ መፈለግ ሲጀምር ወደ ሩዙና ወደ እንቁላሉ ነጭ ቀስ ብላችሁ መልሱት።